መኪና የማይገባበት መንገድ

ሰውዬው ብስክሌት የገዛ ዕለት ሚስቱ ካርድ አወጣችለት። የሆስፒታል ካርድ። ሃያ ሁለት ዓመት በካርድ ክፍል የሠራች ሴት ናት። ባዶውን ካርድ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሐኪሞች በሚቀኑበት ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፏ ዕድሜውን ሃምሳ አራት፣ ሥራውን ሰዓት ጠጋኝ ብላ ሞላች። «የጉዳቱ ምክንያት» የሚለውን መስመር ግን ባዶ ተወችው።

«እሱ በራሱ ጊዜ ይሞላል» አለች እስክሪብቶዋን እየከደነች።

«አሁኑኑ ቅደጂው» አለ ባልየው።

«ካርድ አይቀደድም። ሰው ይሞታል እንጂ ካርድ አይቀደድም።»

አይፈረድባትም። ለእሷ ዓለም ማለት በካርድ ክፍሉ መስኮት የሚታየው ነው፤ ከደረጃ የወደቀ፣ ቁምሳጥን ሲገፋ ወገቡን የተያዘ፣ ሲያዛጋ መንጋጋው ወልቆ የቀረ። በሰላም ውሎ በሰላም የገባ ሰው ካርድ አያወጣም፤ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ከረሳች ቆይታለች።

ባልየው ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው የሰዓት ሆድ ዕቃ ሲመለከት የኖረ ነው። ጀርባው እንደ ጃንጥላ እጀታ ጎብጧል። ከዚህ ወንበር ካልተነሣህ አንገትህ እንደ ተደፋ ይቀራል ብሎ ሐኪም ነገረው። ይህን የሰማው ከሱቁ በላይ ያለው ጥርስ ሐኪም ወደ እሑድ ማኅበሩ ጎተተው። ማኅበርተኞቹ ከነሱ ጋር ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ከሃምሳ በላይ፣ ሁሉም ሆዳቸውን ከነታሪኩ የሚያሳይ ጠባብ ልብስ የለበሱ። ከከተማ ወጥተው፣ ሣርና ነፋስ ብቻ ባለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ሦስቱን የውኃ ግድቦች በሚዞረው የጠጠር መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ጥርስ ሐኪሙን «ዶክተር ጎማ» ይሉታል። ስለ ጎማ ንፋስ ሲያወራ ይውላል፤ አፉን ከፍቶ የተኛ በሽተኛም መልስ ስለማይሰጥ የሚያስቆመው የለም።

ሚስቲቱን ለማግባባት እቤት ድረስ መጣ።

«እመቤቴ፣ በፍጹም አይስጉ። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው። አንድም መኪና አይገባበትም።»

«አምቡላንስስ?»

«እ?»

«መኪና ካልገባ አምቡላንሱ በምን ይገባል፣ ዶክተር? በእግሩ?»

ዶክተር ጎማ የሰው አፍ ማስከፈት እንጂ የራሱን መዝጋት ልማዱ አልነበረም። ያን ቀን ግን ዘጋ።

በመጨረሻ ባልና ሚስት ተደራደሩ። ውሉን በካርዱ ጀርባ የጻፈችው እሷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ምስክር ሆና ፈረመች። «በሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት የተገኘ ዕለት፣ ጉዳቱን ያደረሰው ዕቃ ከዚህ ቤት ይወጣል።» ብስክሌቱ ብላ ያልጻፈችው አውቃ ነው። ከፔዳሉ ጋር የሚቆላለፈውን ጫማ ከብስክሌቱ እኩል ስለምትጠረጥረው፣ አንዱን ስትከስ ሌላው እንዳያመልጣት ነው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መነጽሯን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ክርንህን። ገልብጠው። ጉልበትህን።»

ሰውዬው እንደሚፈተሽ ሻንጣ ተገላብጦ ይገባል። ሰባት እሑድ ሙሉ አንድም ጭረት አልተገኘም። ደስ አላት ማለት ያስቸግራል። አንድ ቀን አንገቱ ላይ ቀይ ነገር አግኝታ፣ የገዛ አጉሊ መነጽሩን አምጥታ ስትመረምረው ትንኝ ሆነ፤ ትንኙ የቤት ነው የግድብ በሚል እስከ ምሳ ተከራከሩ። እሱ ግን ተለውጧል። ሱቅ ውስጥ ያፏጫል፤ ሌሊት ሳይገላበጥ ይተኛል፤ ሲያናግራት ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። ብስክሌቱ ከቤት ከወጣ ወደዚያ ወንበር እንደሚመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ እሱ ጭረት ይፈራል፤ እሷ ደግሞ ሁሉንም ትፈራለች።

በስምንተኛው እሑድ ልጅቷ፣ «የት ደረሰ» የሚለው ጥያቄ ሰልችቷት፣ አባቷ ያለበትን ቦታ በሰማያዊ ነጥብ የሚያሳይ ካርታ እናቷ ስልክ ላይ ጫነችላት። ይሻላል ብላ ነው። እናት ያን ጠዋት ቁርስ አልበላችም፤ ነጥብ ስትጠብቅ አረፈደች። አራት ሰዓት ሲሆን ነጥቡ ቆመ። የቆመው ሁለተኛው ግድብ መካከል ነው። በአራቱም በኩል ሰማያዊ ውኃ።

«ልጄ፣ አባትሽ ውኃ ውስጥ ነው።»

ልጅቷ አየችው። «ካርታው አሮጌ ነው፣ እማ። በውኃው መሀል የሚያሻግር መንገድ ሠርተዋል ብሎ አልነበር አባዬ? ካርታው አያውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

«ሽንቱን እየሸና ይሆናላ።»

«ሃያ ደቂቃ?»

እናት ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። «አንሥቶስ ምን ይበል፣ አፉን ውኃ ሞልቶት» አለች። መርዶውን ለየትኛው ዘመድ ቀድማ እንደምትነግር በልቧ ደረደረች። ጥቁር ቀሚሷ ከልብስ ንጽሕና ቤት አለመመለሱ ትዝ ሲላት ተናደደች፤ ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አንሥታ ወጣች።

ግድቡ መግቢያ ላይ ዘበኛው ከኬላው ብረት ኋላ ተነሣ።

«መኪና አይገባም፣ እናቴ።»

የሥራ መታወቂያዋን በመስኮት አወጣችለት። «የምሠራው ሆስፒታል ነው። ሰው ውኃ ውስጥ አለ።»

ከሁለቱ አንዱ እውነት ነበር። ዘበኛው ብረቱን አነሣ።

በውኃው መሀል የተሠራው መንገድ ለአንድ መኪና ልክ ይበቃል፤ ከዚህም ከዚያም ውኃ ነው። አንድ ዓይኗ ውኃው ላይ ሄልሜት ይፈልጋል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ነው፤ ለመንገዱ የተረፈ ዓይን አልነበራትም። ከፊት ለፊቷ፣ ራቅ ብሎ፣ ስድስቱ ማኅበርተኞች ከብስክሌቶቻቸው ወርደው ነበር። ዶክተር ጎማ ተንበርክኮ የአንዱን ጎማ ንፋስ ይለካል፣ ያስተነፍሳል፣ ደግሞ ይለካል። አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው።

ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ የከተተው ሰዓት ጠጋኙ የመኪና ድምፅ ሰማ። የገዛ መኪናውን ሞተሯ በሚዘላት አንድ ምት ያውቃታል። ብስክሌቱ ላይ ዘሎ፣ «ቁሚ፣ ቁሚ» በሚል አንድ እጁን እያወናጨፈ ወደ እሷ ጋለበ። ቀና ስትል ባሏ በሕይወት ፊቷ መጣባት። ፍሬን ረገጠች። ጎማው ቆመ፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ግን አልቆመም። መኪናዋ ተንሸራታ የብስክሌቱን የፊት ጎማ ሰላም የማለት ያህል ነካችው። ሰውዬው በጉልበቱና በክርኑ ጠጠሩ ላይ አረፈ።

«ደህና ነህ?» አለች በሩን ከፍታ።

«አንቺ እስክትመጪ ደህና ነበርኩ።»

«ነጥቡ ቆመብኝ። ውኃ ውስጥ።»

ባልየው ውኃውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ደም የሚያዠውን ጉልበቱን አየ። የተናገረው ዶክተር ጎማ ነው።

«በስምንት ዓመት እዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው የመኪና አደጋ ነው» አለ፤ ከዚያ አጎንብሶ የመኪናዋን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ለጠጠር ንፋሱ በዝቷል። ትንሽ ቢቀንሱት ኖሮ ይቆምልዎት ነበር።»

መኪና ማዞሪያ አልነበረም። ኋላ ማርሽ ደግሞ ደፍራ አታውቅም። ስለዚህ የቀረውን አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ስድስቱን ቦርጫሞች ተከትላ፣ የአደጋ መብራቷን አብርታ፣ በብስክሌት ፍጥነት ዞረች። ለሩቅ ተመልካች አስከሬን የሚሸኙ ይመስሉ ነበር። ነፋሱ ሣሩን እንደ ፀጉር ያበጥረዋል። ባሏ ከፊት ከፊቷ ይነዳል፤ ካልሲው በደም ቀልቷል፣ ጀርባው ቀጥ ብሏል። ያን ጀርባ እንዲያ ቀጥ ብሎ ያየችው ሲያገባት ብቻ ነው። ይኼም አስፈራት።

ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ መነጽር አድርጋ የጠበቀችው ልጅቷ ናት።

«ክርንህን፣ አባዬ። ጉልበትህን።» ካርዱን አምጥታ ባዶውን መስመር ሞላች፤ ጮክ ብላም አነበበችው። «የጉዳቱ ምክንያት፦ መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ።» ገለበጠችው። «ጉዳቱን ያደረሰው ዕቃ ከዚህ ቤት ይወጣል። የማን ጽሑፍ ነው፣ እማ?»

«ብስክሌቱን ማለቴ ነበር።»

«ብስክሌቱ ምን አደረገኝ?» አለ ባልየው ጉልበቱን እያጠበ።

ሴትየዋ ካርዱን ተቀበለች። ሁለት ጣቷ ጫፉን ያዘ። ሁለቱም እጇን ያያሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልቀደደች እጅ፣ አሁንም አልቀደደችም። ካርዱን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ የመኪናውን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰኞ ወንድሟ መጥቶ መኪናዋን ወደ ራሱ ግቢ ወሰዳት።

በዘጠነኛው እሑድ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ ኬላው ጋ ደረሰች።

«ዛሬስ ሰው ውኃ ውስጥ አለ?» አለ ዘበኛው።

«ገና ነው» አለች ስልኳን እያየች።

«መኪናዋስ?»

«ከቤት ወጥታለች።»

ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀላት። ነጥቡ ውኃው መካከል ደርሶ ቆመ። ከንፈሯን ነከሰች፣ ዞር አለች፣ ዘበኛው ለአንድ እግረኛ ያን ከባድ ብረት አንሥቶ ሲጥል ተመለከተች። ከቦርሳዋ አዲስ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ አወጣች።

«ዕድሜህ ስንት ነው፣ ወንድሜ? በቀን ስንት ጊዜ ነው ይኼን ብረት የምታነሣው?»