ዕድሌ በቤተሰቤ ሲመዘን

እኛ ቤት ሰው የሚናገረው በመቶኛ ነው። ጥፋቱ የአጎቴ ነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የከተማ አውቶብስ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ከፊቱ ያስታውቃል፣ መቶ በመቶ፣ ይል ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ከጀርባው ሁላችንም «መቶ በመቶ» ነው የምንለው። እኛ ቤት መኖር ከጀመረ ወዲህ እናቴ እንኳ ሾርባው ጨው በዝቶበት እንደሆነ ስትጠየቅ «ሠላሳ በመቶ» ማለት ጀምራለች።

ስለዚህ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ለመግባት ለሦስተኛ ጊዜ ማመልከቴን የሰሙ ዕለት፣ የምሳው ሳህን ሳይነሣ ዕድሌን ሊመዝኑ ተቀመጡ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ትምህርት ቤቱ አንድን ሰው ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈትንም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማፈር ያለበት ማን እንደሆነ ግራ ስለሚገባቸው ይመስለኛል። ካልገባሁ ቀሪ ዘመኔን አባቴ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ሳድስ እኖራለሁ። ሚዛን ማደስ ክፉ ሥራ አይደለም። እኔ ግን የምፈልገው መድኃኒቱን ነው። ለምን ቢባል፣ ሰው ፊቱ ጠቁሮ ፋርማሲ ይገባል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት «ከምግብ በኋላ ነው፣ አይዞህ» ትለዋለች፤ ትከሻው ሲረግብ ይታያል። እኔ ያቺን «አይዞህ» ማለት ነው የምፈልገው፣ ከነሙያ ፈቃዷ።

«መቶ በመቶ ትገባለች» አለ አጎቴ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ጋሼ፣ አምናም ካቻምናም እንደዚሁ ነበር ያልከው።»

«ያኔም ልክ ነበርኩ። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።»

እናቴ ስልሳ ሰጠችኝ። እናቴ ማንም እንዳይከፋው የምትጨነቅ ሴት ናት፤ ሐኪም ሲመረምራት «ኧረ ብዙም አያመኝም» ብላ እሱን ታጽናናዋለች። ገና ካሁኑ የጎረቤቱን ኪኒን ሁሉ በፌስታል እየሰበሰበች «ልጄ ታይላችኋለች» ትላቸዋለች። እኔ ደግሞ «ሐኪማቸውን ይጠይቁ» ብዬ እመልሰዋለሁ።

«ይኸው፣ እንደነሱ ማውራት ጀምራለች» ትላለች ደረቷን ነፍታ።

ታናሽ እህቴ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ሒሳብ ስለምትወድ ርኅራኄ የላትም። «አመልካቹ መአት፣ ወንበሩ ጥቂት» አለች ጣቷን እያጠፈች። «ኬሚስትሪሽ የሚወራ አይደለም። በዚያ ላይ የታወቅሽ ወዳቂ ነሽ። ዐሥራ አምስት በመቶ። እሱንም እህቴ ስለሆንሽ ነው። ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ አትኑሪ።»

ከዚያ ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። አባቴ ሚዛን አዳሽ ነው። የሥጋ ቤቱም፣ የአትክልት ሻጩም፣ የፖስታ ቤቱም ሚዛን ሲዛባ እሱ ዘንድ ይመጣል። በሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ሚዛን የሚፈተነው እጅ ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ከተነሣ በኋላ ነው። ደንበኛ «እስቲ ልይ» ብሎ ተጠግቶ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፈ፣ አባቴ ሥራውን ያቆምና ክርኑ እስኪነሣ ድረስ ዝም ብሎ ያየዋል። ባለሥልጣንም ቢሆን ያየዋል።

«አንተስ አባዬ?»

«እኔ ቁጥር የለኝም» አለና ወደ ሾርባው ተመለሰ።

አምናም ካቻምናም እንዲሁ ነው ያደረገው። ይህ ዝምታው ያንገበግበኛል። መቶ ቢለኝ አዳንቆ ነው ብዬ እተወዋለሁ፤ ዐሥራ አምስት ቢለኝ እልህ ይይዘኛል። ዝም ያለ ሰው ግን ዜሮ ብሎ ሊያስከፋኝ ያልፈለገ ይመስለኛል። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል፤ ትንንሾቹን ብሎኖች አሁን የማጠብቃቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር እኛ ቤት ማንም በመቶኛ አያወራም።

የጽሑፍ ፈተናው ደህና አለፈ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ጥያቄዎቹን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል፤ ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደሆነ። ጉዱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘንድሮ የተግባር ፈተና ጨምረዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ከብልቃጥ ነጭ ዱቄት ማውጣት፣ የታዘዘውን ያህል መመዘን፣ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ጽፎ መውጣት። ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። የሚዛን አዳሽ ልጅ በሚዛን ልትፈተን! በዚያች ቅጽበት ዕድሌ ዘጠና ዘጠኝ ደርሶ ነበር።

ሚዛኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዙሪያውን በመስታወት የታጠረ ነው። ተራ በተራ ነው የምንጠቀምበት፤ ከኋላዬ ላቡን በእጅጌው የሚጠርግ አንድ ረጅም ተፈታኝ ቆሟል። ዱቄቱን ጨመርኩ። ቁጥሩ አልረጋ አለ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ትንፋሼን ስይዝ ቀዝቀዝ ይላል፤ ስተነፍስ እንደገና ይዘላል። አባቴ ቢያየው «ታሟል» ነበር የሚለው። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አውጥቶ ፈታኟን ይጠራል። እኔ የፀጉር ማስያዣዬን አወጣሁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም አልልም፤ በደንብ አውቃለሁ። እኛ ቤት የታመመ ሚዛን አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ዱቄቱን አውርጄ ሚዛኑን ዘንበል አደረግሁ፤ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ፈታሁና ውስጡን በማስያዣው ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። አንዴ ጮኸ። መልሼ አቁሜ ዱቄቱን ሳስቀምጥ ቁጥሩ ትንሽ ዘለለና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያውም ከታዘዝነው በፍርፋሪ ብቻ የሚያንስ፣ የሚያምር ቁጥር ላይ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ለማረጋገጥ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጌ አነሣሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ጨመርኩበት፤ ያው። ሁሉንም አወረድኩት፤ ባዶው ሰሃን ያንኑ የሚያምር ቁጥር እያሳየ አፈጠጠብኝ። ሚዛኑን ገድዬዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም።

ፈታኟ ራቅ ብላ ከአንዱ ጋር ታወራለች። ቁጥሩን ጽፌ ብወጣ የሚያውቅብኝ የለም። ከኋላዬ ያለውም ያንኑ ጽፎ አምላኩን እያመሰገነ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ያስቆመኝ ጨዋነት አይደለም፤ የአባቴ ፊት ነው፣ ክርን እስኪነሣ የሚጠብቀው ያ ፊቱ። በልቤ እየሰደብኩት እጄን አወጣሁ።

ፈታኟ መጣች። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን መምህርት ናት።

«ሚዛኑን አበላሽቼዋለሁ» አልኳት። «የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ነው። ከእኔ በኋላ ማንም እንዳይመዝንበት።»

«በምን አበላሸሽው?»

ማስያዣዬን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ለምን?»

«ቁጥሩ አልረጋ ሲለኝ የታመመ መስሎኝ ነው።»

«የመስታወቱን በር ዘግተሽው ነበር?»

በር! አባቴ ሱቅ የሚመጡት ሚዛኖች በር የላቸውም። በሩ ነፋስና ትንፋሽ እንዳይገባ የተሠራ መሆኑን፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሚዛኑ ጤነኛ ነበር። በሽተኛዋ እኔ ነበርኩ። ረጅሙ ተፈታኝ ወደ ሌላ ሰልፍ መጨረሻ ሲላክ በአጠገቤ እያለፈ «እግዜር ይይልሽ» አለኝ፤ አልፈረድኩበትም። ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ «አልመዘንኩም» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ የሆነውን ስናገር ዕድሌ ረከሰ። እናቴ ስልሳውን ወደ ሃምሳ አምስት አወረደችው፤ ከዚያ በታች አንጀቷ አልቻለም። እህቴ «ሦስት በመቶ» አለችና ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። አጎቴ እንዳልሰማ ሰው «መቶ በመቶ» አለ። አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እንግዲህ ደህና» አለና ኮቱን ለብሶ ወደ ሱቁ ሄደ። አሁንም ቁጥር የለም።

ስልኩ የጮኸው ከሳምንት በኋላ፣ ልብስ ሳሰጣ ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፣ የቸኮለች። ስለ ሚዛኑ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት።

«ገብተሻል» አለችኝ።

«የት?»

«ትምህርት ቤት ነዋ! የተግባሩ ዜሮ ነው፤ የጽሑፉ ነው ያነሣሽ። መምህርቷም የማታምነውን ቁጥር አልጻፈችም ብላ ተሟግታልሻለች። መልእክትም አላት፤ የመጀመሪያው ቀን ስትመጪ ፀጉርሽን በጨርቅ እሰሪው።»

እርጥብ አንሶላ እንዳቀፍኩ ጮህኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቤቱ በነቢይ ተሞላ። አጎቴ «አላልኩም?» እያለ ግቢውን ዞረው። እህቴ ዐሥራ አምስት በመቶ ማለት አይሆንም ማለት እንዳልሆነ ልታስተምረን ተነሣች። እናቴ አልቅሳ ስታበቃ የጎረቤቱን የኪኒን ፌስታል አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሱቅ ስደርስ አባቴ የአትክልት ሻጩን ሚዛን ይዞ ተቀምጧል። ካቻቢቴውን ወደ ብሎኗ ይሰዳል፤ ይስታታል፤ እንደገና ይሰዳል።

«አባዬ፣ ገባሁ።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «አውቄው ነበር።»

«አንተም ጀመርክ? ዛሬ ያላወቀ ሰው የለም እኮ!»

«ዘጠና ነበር በልቤ የያዝኩልሽ» አለ። «ከካቻምና ጀምሮ።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሁለት ጊዜ ስወድቅ፣ ትራሴን ነክሼ ሳለቅስ፣ ከአንተ አፍ አንዲት ቁጥር ስጠብቅ እያየኸኝ!»

«ዘጠና የሚለው ጭንቅላቴ ነው» አለ። «ሆዴ እንድትወድቂ ይለምን ነበር። እዚሁ እንድትቀሪልኝ።» ሁለቱን እጆቹን ዘረጋልኝ፤ ይንቀጠቀጣሉ። «እጄ ሚዛኑ ላይ ተደግፎ ምን ብዬ ቁጥር ልጥራልሽ?»

ንዴቴ አልበረደም፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ግን ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩና ካቻቢቴውን አንሥቼ ብሎኗን አጠበቅኋት። የመፈተኛውን ብረት ሰሃኑ ላይ ሳስቀምጥ አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነበር። ሥራዬን አቆምኩና ዝም ብዬ አየሁት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፈገግ ብሎ ሁለቱንም እጆቹን አነሣ። የሚዛኑ መርፌ ተወዛውዞ ቦታው ላይ ቆመ።

«አሁን ንገረኝ» አልኩት። «ትምህርቱን እጨርሰዋለሁ?»

እጆቹን እንዳነሣ አሰበ። «ሰባ በመቶ።»

«ሰባ ብቻ?»

«በር መዝጋት ከተማርሽ፣ ሰማንያ።»