የውኃ ውሻውና የተወቀጠው ብርብራ

ሦስት ቃል ነው የተናገርኩት። "የውኃ ውሻ አይቻለሁ" አልኩ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጭቃ ሹማችን አቶ በላቸው በሁሉም ፊት ጠሩኝ።

"አንተ ፋንታ፣ ዘንድሮ ዓሣው ምን ነካው? ጾሙ ሊጋመስ ነው፤ አንዲት ጣት የምታህል እንኳ አላቀመስከንም።"

ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። መልሱን ግን አውቀው ነበር። አምና በዚሁ በዓቢይ ጾም የሱሃ ወንዝ ሲጎድል መንደሩ በሙሉ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ኩሬዬ ውስጥ በተነ። የብርብራ ዱቄት ዓሣን ያሰክራል፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁን በቅርጫት አፈስን። የጣት ጥፍር የምታህለው ግን እዚያው ቀርታ ሸተተች፤ ሳምንት ሙሉ በዚያ ያለፈ ሰው አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ነው ያለፈው። ይህን እንዳልናገር ብርብራው ይወቀጥ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ከወቀጡት አንዷ ታላቅ እኅቴ አምሳለች ናት፤ ከበሉት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላ እውነት ፈለግሁ። ከዚያች እሑድ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የውኃ ውሻ ከኩሬው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ጠጉሩን ሲያራግፍ አይቼ ነበር። እሱን ተናገርኩ።

"ይኸውላችሁ!" አሉ አቶ በላቸው ጭናቸውን በመዳፋቸው መትተው። "ሌባው ተገኘ!"

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ደስ ሲለው ሳይ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ።

"እንግዲያው የቀረውን ለአውሬ ከምንተው ለሰው ይሁን" አሉ አቶ በላቸው። "ብርብራ ይወቀጥ።"

ወንድሞቼ የአባታችንን እርሻ ሲካፈሉ ለእኔ የደረሰኝ ከገደሉ ሥር ያለው ዳርቻና ኩሬው ነው። ዳርቻው ድንጋይ ነው፤ ጤፍ አያበቅልም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ በመንጠቆ ዓሣ እያወጣሁ ብቸና ላሉት መምህራንና ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች እወስዳለሁ። አምና ከብርብራው ያመለጡት ጥቂት ዓሦች ዘር ናቸው። እነሱ ከሞቱ ኩሬው ውኃ ብቻ ነው፤ እኔም የሰው ቤት ሎሌ ነኝ።

በጾም ዓሣ የማይቀምሱት ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ አዘኑልኝ። "የልጁ እንጀራ ነው፣ አቶ በላቸው። አውሬውን ይያዝና ኩሬውን ተዉለት" አሉ።

አቶ በላቸው ጥቂት አሰቡ። "መልካም። እስከ ደብረ ዘይት ዋዜማ ቆዳውን አምጣ፤ ካመጣህ ኩሬህን አንነካም። ካላመጣህ ሰኞ እንበትናለን።"

የብረት ወጥመድ ያለው በአገሩ አንድ ሰው ነበር፤ ሞጣ ያሉት የአባቴ ወዳጅ አያ ጓዴ። በማግስቱ ስንቄን ስቋጥር አምሳለች በር ላይ ቆማ ሳቀችብኝ።

"ለአንድ ውሻ ብሎ ሁለት ቀን የሚሄድ! ሚስት ፍለጋ ብትሄድ ምን ነበረበት? ነገር ግን እሱስ አፍ ይፈልጋል።"

መልሱ የመጣልኝ ደብረ ወርቅ ስደርስ ነው።

አያ ጓዴ በዘመናቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሞጣ ስደርስ ግን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ወጥመዱን ከጣራው ሥር አወረዱት፤ ዝጎ ነበር።

"ምን ልትይዝበት ነው?"

"የውኃ ውሻ።"

"ዓሣ ጨረሰብህ?"

"እሱ ነው ይላሉ።"

"እኛም ብለን ነበር" አሉ ዝገቱን በድንጋይ እየፋቁ። "በዚህ አምስት ይዣለሁ። አምስቱንም ገፈፍኩ። ዓሣው ተመለሰ? ይኸው አጥር አጥራለሁ። ለመሆኑ ኩሱን አይተህ ታውቃለህ?"

"የማንን ኩስ?"

"የእኔን ነዋ! የውኃ ውሻውን እንጂ የማንን ልልህ ነው?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ድንጋይ ላይ ይጥለዋል። ሰብረህ እየው፤ የሸርጣን ቅርፊት ነው። ዓሣ አይበላም አልልህም፤ ያገኘ ቀን ይበላል። የዕለት ቀለቡ ግን ሸርጣን ነው። እኛ ይህን ያየነው አምስተኛውን ከገደልን በኋላ ነው። ዓሣውን የጨረሰው ብርብራችን ነበር።"

"ታዲያ ወጥመዱን ለምን ይሰጡኛል?"

"ብትነግራቸው እንደማይሰሙህ ስለማውቅ ነዋ፣ ልጄ።"

ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ኩሬዬ ዳር ደረስኩ። ወጥመዱን አስቀምጬ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየሁ። ኩሱ ነበር፤ ደርቆ እንደ ጭቃ ኳስ ሆኖ። ሰባቱን ሰበርኩ። ስድስቱ የሸርጣን ቅርፊት ብቻ ናቸው፤ በሰባተኛው ውስጥ አንዲት ቀጭን የዓሣ አጥንት አገኘሁ። እሷንም አልጣልኳትም። ሁሉንም በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩ። የምናገረውንም በወረቀት ጻፍኩት፤ ስሕተት እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት።

ዓርብ አቶ በላቸው ደጅ ሽማግሎቹ ተቀምጠው ነበር። ቅጠሉን መሬት ላይ ፈታሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አቶ በላቸው።

"የ... የውኃ ውሻው ነው። የበላው።"

አንዱ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ወደ ኋላው ተፈናጠረ። "ኧረ በማርያም! ሰው ለሙግት ሰው ምስክር ያመጣል፤ ፋንታ ኩስ ይዞ መጣ!"

ደጁ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ እስኪበርድ ቆሜ ጠበቅሁ። "ሸርጣን ነው የሚበላው" አልኩ በመጨረሻ።

አቶ በላቸው አልሳቁም። ቅርፊቱን በከዘራቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት። "እውነቱን ነው፤ ሸርጣን ነው" አሉ። ልቤ ዘለለች። "ዓሣውን ስለጨረሰ ነዋ ወደ ሸርጣን የዞረው! ሲርበው ሰውስ የማይበላው ምን አለ?"

ሽማግሎቹ ሁሉ ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓሣውን የጨረሰው ብርብራው ነው የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ሳላወጣው ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ሙሉ ንግግሩን ለአንድ አህያ ተናገርኩት፤ አንድ ቃል አልሳትኩም።

ያን ምሽት ወጥመዱን ጠመድኩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተይዞ አገኘሁት። በሕይወት ነበር። የፊት እጆቹ ጥፍር የላቸውም፤ እንደ ሰው ጣት ናቸው፤ በእነሱ ብረቱን ይዞ ነበር። በዱላ አንድ ጊዜ መታሁት፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ሆዱን ስከፍተው ሸርጣንና የእንቁራሪት እግር ነበረበት። የዓሣ ቅርፊት ፈለግሁ። ባገኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ቆዳውን ይዤ አቶ በላቸው ግቢ ስገባ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። አምሳለችና ሁለት ሴቶች አፋቸውንና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ብርብራ ይወቅጣሉ። ሁለት ቁና ሙሉ ዱቄት ተወቅጦ አልቋል።

አቶ በላቸው ቆዳውን በጠጉሩ አቅጣጫ ደባበሱት። "ጎበዝ ነህ። እኔስ ቃሌ ቃል ነው፤ አንነካም ብዬሃለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች አታመጣም ብለው ወቅጠውታል። የተወቀጠ ብርብራ ደግሞ አይከርምም፤ ኃይሉ ይሞታል። ይሄን ሁሉ ድካም ልንደፋው ነው?"

"ቃል..." አልኩ።

"ለዘንድሮ ብቻ ነው። ከዘንድሮ በኋላ አንነካም።"

አምሳለች ዘነዘናውን አቁማ አየችኝ። ዓይኗ በዱቄቱ ቀልቶ ነበር። መልሳ መውቀጥ ጀመረች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሰው ቅርጫቱን ይዞ ወረደ። ዱቄቱ ተበተነ፤ ውኃው አረፋ አወጣ። ጠበቅን። መጀመሪያ አንድ ዓሣ ተንሳፈፈ፤ ሰው እልል አለ። ከዚያ ሌላ መጣ። ሲቆጠር ዐሥራ አንድ ነበር፤ ትልቁ ስንዝር አይሞላም። ከዚያ በኋላ የወጣው ሸርጣን ነው። ከየድንጋዩ ሥር እየወጣ በሰው እግር መካከል ወደ ደረቁ ይሸሻል፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይጮኻሉ። ያን ያህል ሸርጣን በዚያ ኩሬ እንደነበረ ማንም አላወቀም ነበር። አሁን የሚበላው የለም።

"ጥንድ ነው!" አሉ አቶ በላቸው። "ሴቷ ቀርታለች፤ የጨረሰችው እሷ ናት። ፋንታ፣ ወጥመዱን መልሰህ ጥመድ!"

"ዓሣውን የጨረስነው እኛ ነን" አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሰው ዞረ።

"ምን አልክ?"

"እኛ ነን። አምና በብርብራው ዘሩን ፈጀነው። የተረፈውን ደግሞ ዛሬ ፈጀነው።"

አቶ በላቸው አልተቆጡም። እንደ ታመመ ሰው አዩኝ። "ልጄ፣ በደጀ ሰላም፣ በሕዝብ ፊት፣ የውኃ ውሻ አይቻለሁ ያለ ማን ነው? እኔ ነኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ!" አሉና ዓሦቹን ለማከፋፈል ዞሩ። ዐሥራ አንድ ዓሣ ለአርባ ቤት አልበቃ ብሎ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ እኔን ረሱኝ።

አምሳለች ባዶ ቅርጫቷን ይዛ አጠገቤ ቆመች። "ዛሬ ነው አፍህ የተፈታው? ሳንወቅጠው ብትናገር ምን ነበረበት?"

"ብናገር ትሰሙኝ ነበር?"

አሰበችበት። "አይ፤ አንሰማህም ነበር" አለች።

ከሰዓት በኋላ ወጥመዱን በኬሻ ጠቅልዬ የሞጣን መንገድ ያዝኩ። አያ ጓዴ መልስልኝ አላሉም። ነገር ግን እኔ ቤት ካለ አቶ በላቸው ጥመድ ይሉኛል፤ ሰው እያየኝ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም። ወጥመዱ ሞጣ ከሆነ እምቢ ማለት አያስፈልገኝም፤ የለኝም ማለት ይበቃኛል።