የተውሶ ሶፋ

ልጅቷ ወደ ቤቷ መታጠፊያ ስትደርስ የጎረቤታቸው የባለሱቋ ሶፋ ከፊት ከፊቷ እየሄደ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ የባለሱቋ ባል፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ይዞታል፤ ከወዲህኛው ጫፍ ደግሞ ብየዳ ቤት የሚሠራው ጎረምሳ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተሸክሞታል። ባለሱቋ ራሷ ሁለቱን ትራሶች በብብቷ ሸጉጣ፣ "ቀስ! በሩ ጋ ስትደርሱ አጋድሙት፣ እንዳትፍቁብኝ!" እያለች ትከተላለች።

ልጅቷ መጀመሪያ ሊሸጡት ነው ብላ አሰበች። ሶፋው ሱቁን አልፎ፣ ግንቡን ታክኮ ወደ እነሱ በር ሲዞር ግን ባለችበት ቆማ ቀረች።

"እንኳን ደህና መጣሽ ዶክተሯ!" አለ ሹፌሩ እያለከለከ። የምትማረው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ሰፈሩ ግን ኮሌጅ የገባን ሰው ሁሉ ዶክተር ከማለት ሌላ አያውቅም። "እንግዳችሁ ሳይመጣ እንድረስ ብለን ነው።"

"የምን እንግዳ?"

"ያንቺው ነዋ! ከኮሌጅ የሚመጡት ሰውዬ። እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታናለች።"

ልጅቷ ወደ በሩ ፈጠነች።

እንግዳው የሚመጡት ከተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ነው። ለሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ክፍያ እንዲረዷት አመልክታለች፤ ክፍሉ ደግሞ ወረቀት ብቻ አያምንም፣ ያመለከተውን ተማሪ ቤት ሰው ልኮ ያያል። እርዳታው ከተፈቀደላት ትመዘገባለች። ካልተፈቀደላት ኮሌጅ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ለእናቷ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልነገረቻትም። ክፍያውን ኮሌጁ ችሎልኛል ብላ ዋሽታታለች፤ ስለ እንግዳውም የነገረቻት፣ "ሐሙስ ከሰዓት ከኮሌጅ አንድ ሰው ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ" ብላ ብቻ ነው። እውነቱን ብትናገር እናቷ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ ሳትውል ሳታድር ልብስ ወደምትተኩስለት ላውንደሪ ቤት ሄዳ ሦስተኛ ከረጢት ልብስ ተሸክማ ትመጣለች። በሁለቱ ከረጢት እንኳ ወገቧ ጎብጧል፤ ሥራ ስትጨርስ የቀኝ እጇን ጣቶች የምትዘረጋው በግራ እጇ እየጎተተች ነው።

ልጅቷ ገባችና ቤቷን አላወቀችውም። ከበሩ ፊት ለፊት ዘወትር የሚቆመው የካውያ ጠረጴዛ የለም፤ የነበረበትን የሚናገረው እግሮቹ ሲሚንቶው ላይ የተዉት ምልክት ብቻ ነው። የልብስ ከረጢቶቹም የሉም። በጠረጴዛው ፋንታ የባለሱቋ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ግድግዳው ሥር የባለሱቋ ቴሌቪዥን ጉብ ብሏል። ሶፋው መሃል ላይ ሲቀመጥ ክፍሉ ሞላና ሰው መቆሚያ አጣ። እናቷ ለሰርግ ብቻ የምታወጣውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ፣ የሶፋውን ልብስ በመዳፏ ታቃናለች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን አደረግሁ? እንግዳ ይመጣል አላልሽኝም? ታዲያ ሰውዬውን ከረጢት ላይ ላስቀምጣቸው?"

"ቤቱን እንዳለ ነበር ማየት ያለባቸው።"

"እንዳለ ማለት?"

"በቃ እንዳለ ነዋ!"

"ሂጂ ወዲያ! ተመልሰው ሲሄዱ ከደህና ቤት የወጣች ልጅ ናት ይበሉ እንጂ። እኔ የማንንም እጅ ሳላይ ነው ያሳደግሁሽ።" እናት ይህን ስትል ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር። ባለሱቋ ትራሶቹን እያስተካከለች፣ "እውነቷን ነው!" አለች።

ልጅቷ ሁሉንም ልትናገር አፏን ስትከፍት ከደጅ፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ መጣ። ሹፌሩና ጎረምሳው በጓሮ በር ሾልከው ወጡ፤ ባለሱቋም፣ "ሻዩን ላምጣ" ብላ ተከተለቻቸው።

ሰውዬው ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ትከሻቸውን የጎተተ ትልቅ ቦርሳ አንግተዋል። "ሌላ ቤት ሄጄ ሰዎቹን አጣኋቸውና ቀድሜ መጣሁባችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ።

"ኧረ ቤትዎ ነው! ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ!"

ሲቀመጡ ሶፋው ዋጣቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቦርሳቸውን አቅፈው ዙሪያውን ቃኙ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ የእናትን ቀሚስ አዩ። ልጅቷ ዓይናቸውን እየተከተለች፣ የእኛ አይደለም፣ እሱም የእኛ አይደለም፣ ትል ነበር በሆዷ። እናት ደግሞ የምታየው የሰውዬውን ኮሌታ ነው። አንዱ ጫፉ ሁለት መስመር ወጥቶለት ተተኩሷል፤ እጇ ሳይታወቃት የራሷን ቀሚስ ጠርዝ ያቃና ጀመር።

"እንግዲህ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት" አሉ ሰውዬው። "ኑሮ እንዴት ነው?"

"ተመስገን ነው! ምን ጎድሎብን።"

"ቤቱ የራስዎ ነው?"

"ኪራይ ነው፤ ግን አከራያችን እንደ ወንድም ማለት ነው።" ወንድም የሆነው ዛሬ ነው፤ ያለፈው ወር በሩ ላይ ቆሞ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሰምቶታል።

"ልጅ ማስተማሩስ አልከበደዎትም?"

"ምን ሲደረግ! አንድ ልጅ ናት። ለእሷ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?"

ሰውዬው አንገታቸውን ነቀነቁና ጻፉ። ልጅቷ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ የሚጻፈውን ለማንበብ አንገቷን አሰገገች።

ባለሱቋ ደህና ብርጭቆዎቿን በትሪ ደርድራ ሻይ ይዛ ገባች። ለእንግዳው ሰጠች፣ ለእናት ሰጠች፤ ከዚያ የምትወደው ተከታታይ ፊልም ሰዓት መድረሱ ትዝ አላት መሰለኝ፣ "አንዴ ወደዚያ ጠጋ ይበሉልኝ ጋሼ" ብላ እጇን በሰውዬው ጎን ወደ ሶፋው ስንጥቅ ከተተችና ሪሞቱን መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። "ሁልጊዜ እዚህ ነው የማስቀምጠው፣ አለዚያ ልጆቹ ያጠፉብኛል" አለች። ወዲያው የተናገረችው ገባትና አፏን በትሪው ሸፈነች። "ማለቴ... እነሱ! እነሱ ናቸው እዚህ የሚያስቀምጡት!" ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውራ ወጣች።

ሰውዬው ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ሰው ከነገረኝና ካሳየኝ ውጭ ከራሴ ጨምሬ መጻፍ አልችልም። ያላየሁት ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።"

ይኸውና የመናገሪያው በር ተከፈተ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልጅቷ ግን እናቷን አየቻት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ እንዳይታዩ መዳፏን ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደብቃለች፣ ፊቷ ላይ ግን ከስንት ዘመን ወዲህ ያልታየ ደስታ አለ። በእንግዳ ፊት እንዴት አድርጋ ታዋርዳት? አንጀቷን በላቻት።

"የለም" አለች ልጅቷ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ። ሌላ የለም።"

ሰውዬው ተነፈሱና ወረቀታቸውን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመሩ። "መልካም። ያመለከተው ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ለሁሉም አይዳረስም። ባይፈቀድላትም እናት በርትተው ክፍያውን ይሸፍኑላታል ማለት ነው።"

"ምኑ ነው የማይፈቀድላት?" አለች እናት ፈገግታዋ ሳይጠፋ።

"እርዳታው። መክፈል አልቻልንም ብላ አመልክታ የለም እንዴ? እኔም የመጣሁት የቤቱን አቅም ለማየት ነው። ያለ ክፍያ ለሚቀጥለው መንፈቅ መመዝገብ አትችልም።"

የእናት ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

"ኮሌጁ ችሎልኛል አላልሽኝም?"

"ዋሽቼሽ ነው።"

"ለምን?"

ልጅቷ አቀረቀረች። "ከረጢት እንዳትጨምሪ።"

እናት ሶፋውን አየችው፤ ቴሌቪዥኑን አየችው፤ የልጇን የተጎነበሰ አንገት አየችው። ተነሥታ ወደ በሩ ስትሄድ ልጅቷ ልታለቅስ ነው ብላ ፈርታ ነበር። እሷ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተጣራች።

"ባለሱቋ! ባልሽን ይዘሽ ነይ!"

ሩቅ አልሄዱም፤ ሦስቱም ግንቡ ሥር ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

እናት ወደ እንግዳው ተመለሰች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ይነሡልኝ። ሶፋው የሰው ነው።"

ሰውዬው ሊነሡ ሞከሩ፤ ሶፋው አልለቅም አላቸው። እናት ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። ያዟት፤ ሲነሡም የደረቀውን መዳፏንና ያልተዘረጉትን ጣቶቿን እያዩ ትንሽ ቆዩ።

"ኧረ እንግዳው እስኪሄዱ ይቆይ፣ ማን ጠየቀሽ?" አለች ባለሱቋ በሹክሹክታ።

"ውሰጂው የኔ እናት። ቴሌቪዥኑንም ውሰጂው። እግዜር ይስጥልኝ፤ ውለታሽን አልረሳም።"

ሶፋው በመጣበት መንገድ ወጣ። ምንጣፉ ተጠቀለለ። ሹፌሩና ጎረምሳው የካውያውን ጠረጴዛ ከጓሮ አምጥተው ሲያስገቡት እግሮቹ የድሮ ምልክታቸው ላይ ልክክ ብለው ቆሙ። ከረጢቶቹም ከሱቁ መጋዘን ተመልሰው ግድግዳውን ተደገፉ። ለሰውዬው የተገኘው መቀመጫ አንድ በርጩማ ነው። እሳቸውም ተቀመጡበት፤ ከሶፋው ይልቅ የተመቻቸው ይመስላሉ።

እናት የሰርግ ቀሚሷን እንደለበሰች ካውያውን ሰካች። "ላታልልዎ አልነበረም" አለች ወደ እሳቸው ሳታይ። "በልጄ እንዳይቀለድባት ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል" አሉ ሰውዬው። ወረቀቱን መልሰው አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። "እዚህ ላይ የእናት ሥራ በሚለው ቦታ 'የግል ሥራ' ተብሎ ተሞልቷል። ምን ዓይነት የግል ሥራ?"

እናት ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ቅሬታ አልነበረባትም፤ አየቻት ብቻ።

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። ያን ቅጽ የሞላችው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ጓደኞቿ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር፣ የሚጻፈው እንዳይታይም በክንዷ ከልላ ነበር። በሶፋው እናቷን ከተቆጣች በኋላ ነው አሁን የገባት፤ እሷም 'የግል ሥራ' ብላ ወረቀቱ ላይ ሶፋ አስገብታለች። ከክፍሏ ልጆች ገሚሶቹ ልብሳቸውን የሚሰጡት ለዚያው ላውንደሪ ቤት ነው። ትምህርት ላይ ከፊቷ የተቀመጠውን ልጅ ሸሚዝ እያየች፣ ይህን እማዬ ናት የተኮሰችው ብላ በልቧ ታስብ ነበር፤ አንድም ቀን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከመተኮሱ በፊት ሸሚዙ ላይ ውሃ የረጨችው እሷ ራሷ እንደሆነችም እንዲሁ ለማንም አልተናገረችም።

በሩ አሁንም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ባለሱቋና ሹፌሩ ሶፋቸውን መንገድ ላይ አሳርፈው ወደ ውስጥ ያያሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ያያል። እናት ልትዘጋው ስትራመድ ልጅቷ፣ "ተዪው እማዬ፣ ይከፈት" አለቻት።

ጣሳው ውስጥ ውሃ ቀዳች። የመጀመሪያውን ከረጢት ፈትታ ከላይ ያለውን ሸሚዝ አወጣች፤ የየትኛው የክፍሏ ልጅ እንደሆነ ከኮሌታው አወቀችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እናቴ ልብስ ተኳሽ ናት" አለች፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይሰማል ብላ ድምፅዋን አልቀነሰችም። "እኔም ውሃ እረጫለሁ። እንደዚያ ብለው ይጻፉልኝ።"

ከዚያ ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ነክራ ረጨች።

"አታብዢው" አለች እናቷ፣ ካውያውን አንሥታ።