ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ከኮሪያዋ ቡሳን እስከ ጃፓኗ ፉኩኦካ በአውሮፕላን ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው። ኦክጂን ይህን ቁጥር እስኪያንገሸግሻት ሰምታዋለች። እናቷ በዓሣ ገበያው ደረቅ ዓሣ እየሸጠች ለደንበኛው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነበር። "ልጄ ባሕር ማዶ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። ከሴኡል እኮ ይቀርባል" ትል ነበር። ቅርብ የተባለው ወንድሟ ዱሺክ ግን በአሥራ አንድ ዓመት አራት ጊዜ መጣ። እናቲቱን ሆስፒታል ያመላለሰች፣ ገላዋን ያጠበች፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ የምትኖረው ኦክጂን ናት። እሷን ቅርብ ናት ብሎ ያመሰገናት የለም።

እናቲቱ ትናንት ጠዋት ሞተች። ዱሺክ በስልክ አለቀሰና፣ "ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ተነሥቼ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት እገባለሁ እትዬ። ለግንዘቱ እደርሳለሁ" አላት።

"ዛሬውኑ ና።"

"ለሃምሳ አምስት ደቂቃ መንገድ ምን ያጣድፈኛል?"

አሁን እናቲቱ በለቅሶ አዳራሹ የግንዘት ክፍል በፍታ ለብሳ ተጋድማለች፤ ያልተሸፈነው ፊቷ ብቻ ነው። አጠገቧ በውኃ የራሰ ሩዝና የአኻያ እንጨት ማንኪያ ተቀምጧል። ለመንገዷ የሚሆናትን ሦስት ማንኪያ ሩዝ አፏ ውስጥ የሚያደርገው ወንድ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቷ ይሸፈናል፤ ዳግም አይገለጥም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ "አረፍኩ" የሚል መልእክት መጣ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ዱሺክ የለም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ገናዡ። "ሌላ ቤተሰብ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው።"

"አሥር ደቂቃ ብቻ። አርፏል እኮ።"

ሰውየው ደግ ነበርና አሥር ጨመረ፤ በላዩም ሌላ አሥር። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም። ኦክጂን ማንኪያውን አነሣች። ሦስቱንም ጊዜ በሐዘን ሳይሆን በንዴት አጎረሰቻት። ዱሺክ እናቷን በወጉ እንኳ እንዳታለቅስ አደረጋት፤ ለዚህ ይቅር አትለውም።

ዱሺክ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ሳጥኑ ተዘግቷል።

"ሰልፉ ነው እትዬ። ፓስፖርት የሚታይበት ጋ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ስልክ ደግሞ እዚያ ክልክል ነው።"

"የምን ሰልፍ? የአገሩ ሰው ጣቱን ማሽኑ ላይ አስነክቶ ያልፋል። እኔ አምና ከኦሳካ ስመለስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።"

ዱሺክ ወለል ወለሉን ያይ ጀመር።

"አምጣው" አለች።

"ምኑን?"

"ፓስፖርቱን።"

ከኮቱ ኪስ አወጣው። ቀዩ የጃፓን ፓስፖርት ነበር።

"መቼ?"

"ስድስት ዓመቱ። ዜግነቴን የቀየርኩት ለሥራዬ ስል ነው። ለእማዬ እንዴት ብዬ ልንገራት?"

"እሷ አፏን ከፍታ ስትጠብቅህ፣ አንተ ከቱሪስት ጋር ተሰልፈሃል" አለች ኦክጂን።

በዚህ መሃል ከእናቲቱ ጎን ለሃያ ዓመት ዓሣ የሸጠች አሮጊት ለለቅሶ ገባች። ዱሺክን አየችና ፊቷ ፈካ አለ።

"ይኼ ነው ልጇ? ያ ቅርብ ያለው?"

"አይደለም እማማ" አለች ኦክጂን። "ይኼኛው ከሩቅ ነው የመጣው።"