ከበርሜል የማይጠጣ መኪና

እስቲ አንተን ልጠይቅህ፦ ካላሃሪ አሸዋ መሃል፣ ጥላ በሌለበት፣ ሞተሩን አጥፍቶ «በአቅራቢያዎ ወዳለው ባለሙያ ይሂዱ» ብሎ የሚጽፍ መኪና ምን ይባላል? እኛን የሁኩንትሲ ሰዎችን «እድገት ነው» ብለውናል። እንዲህ ያለን ራ ዲታው ነው። ዕድሜውን በዋና ከተማው ቢሮ ጨርሶ፣ ጡረታውን ይዞ ተመልሶ የጉድጓድ ማኅበራችን ሊቀመንበር የሆነው ሰውዬ። በእኛ አገር «ራ» አቶ፣ «ማ» ወይዘሮ እንደማለት ነው።

ከብቶቻችን ያሉት ከመንደሩ የሙሉ ቀን የአሸዋ መንገድ ርቆ ባለ የከብት ሰፈር ነው። ውሃው ከመሬት ሆድ የሚወጣው በናፍታ ሞተር ነው፤ ናፍታው ካልደረሰ ገንዳው ይደርቃል። አብዛኞቻችን ሌላ ጉድጓድ ላይም ጥቂት ከብት አለን። ማ ኦራቲሌ ግን የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ንብረቴ የምትለው ሁሉ እዚያች ገንዳ ዙሪያ ቆሞ እምቧ የሚለው ነው።

ናፍታውን ስንት ዘመን ያመላለሰው የማኅበሩ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። በሩ በሽቦ ይታሰራል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ማን ቅር ይለዋል። አይበላሽም አልልም፣ ውሸታም አይደለሁም። ይበላሽ ነበር፣ ግን በሽታው እኛ የምናውቀው በሽታ ነበር። በርሜላችን ውስጥ ዝገትና ውሃ እንዳለ ሕፃን ያውቃል፤ የውሃ ሞተሩም መኪናውም የሚጠጡት ከዚያው በርሜል ነው። ላንድሮቨሩ ሲያስነጥሰው ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የብርጭቆ ጽዋ በጣትህ ትፈታለህ፣ ውሃውን ትደፋለህ፣ መልሰህ አጥብቀህ ትሄዳለህ። በቃ።

«ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው» አለ ራ ዲታው በስብሰባ ላይ። «ሰው ሲያየን ያፍርብናል።»

«ማነው የሚያየን?» አለች ማ ኦራቲሌ። «ሰጎን?»

ተሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ማ፣ አዲሱ እኮ አየር ማቀዝቀዣ አለው።»

«ላሞቼ አይሳፈሩበትም፣ ራ።»

ቢሆንም እጅ ወጣና ተሸነፍን። ላንድሮቨሩ በጨው ሜዳው ዳር ላለው የቱሪስት ሎጅ ተሸጠ። አረንጓዴ ቀቡት፣ በር ላይ አቆሙት፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሁሉ እየተቀመጠበት ፎቶ ይነሳል። የእኛ ሊቀመንበር ያፈረበትን፣ ፈረንጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊያቅፈው ይመጣል። በምትኩ የመጣው ነጭ፣ ወፍራም፣ የተማሪ ሰሌዳ የሚያህል ስክሪን ያለው፣ በሩ ሲከፈት የሚዘፍን ነገር ነበር።

በጥቅምት፣ በእኛ አገር ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ የጉድጓዱ ሞተር ናፍታ ሲያልቅ በርሜሉን ጭነን ወጣን። ራ ዲታው ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ከኋላ ከበርሜሉ ጋር የተቀመጠው ካሼ ነው፣ ከብቶቻችንን የሚጠብቀው ሰው። ደመወዙ በዓመት አንዲት ጊደር ናት።

«ጎማውን እናስተንፍሰው?» አልኩ፣ አሸዋው ሲጠልቅ።

«ይሄ መኪና ራሱ ያስባል» አለኝ።

እያሰበ አሸዋውን ቆፈረው፤ ናፍታውንም እንደ በዓል ጠላ ጨለጠው። ግማሽ መንገድ ላይ ስክሪኑ ጠማኝ አለ። ራ ዲታው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ካሼ፣ ከበርሜሉ ቅዳለት።»

«ይሄም ከበርሜል ይጠጣል፣ ራ?»

«መኪና አይደለም እንዴ? ሁሌ እንደምናደርገው ቅዳ አልኩህ።»

ካሼ ቱቦውን በአፉ ስቦ፣ የደረሰበትን ናፍታ ተፍቶ ቀዳ። ብዙም አልሄድን። አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ስክሪኑ እንደ ገና ዛፍ በራ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ያ የባለሙያ ጽሑፍ ወጣ። ራ ዲታው ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳ። ሰማዩ ኔትወርክ አልነበረውም። ኮፈኑን ስንከፍት ያየነው አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው።

«ፊልትሮው የታለ?»

«ከክዳኑ ሥር።»

«ክዳኑስ በምን ይፈታል?»

«በልዩ መሣሪያ» አለ። ልዩ መሣሪያው ዋና ከተማ ነው።

ካሼ ወደ ከብቶቹ በእግሩ ሄደ። እኔ በዚያ ያለፈ የአህያ ጋሪ ላይ ተሳፍሬ ወደ ሎጁ፣ ላንድሮቨሩን ልዋስ። ራ ዲታው መኪናውን ለመጠበቅ ቀረ፤ ከማን እንደሚጠብቀው እስካሁን አልገባኝም። የራሱን ሞተር ከባለቤቱ የሚደብቅ መኪና ሌባ አያሰጋውም።

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ እጁን አወዛወዘ። «ለጌጥ ነው እኮ፣ ራ። ባትሪ እንኳ የለውም።»

«ባትሪ አልጠየቅኩህም። የሚገፋልኝ ሰው ስጠኝ።»

ካኪ የለበሱ ቱሪስቶች ደረቁ የጨው ሜዳ ላይ ገፉት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። አጨበጨቡ። የመስተንግዶው አካል መስሏቸው ነበር።

ማግስቱን በርሜሉን ከዚያ ነጭ ሬሳ ላይ አንሸራትተን ወደ ላንድሮቨሩ አዛወርን፤ ከዚያው በርሜልም አጠጣሁት። መንገድ ላይ አስነጠሰው። ወርጄ ጽዋዋን ፈታሁ፣ ውሃውን ደፋሁ፣ አጥብቄ ተነሳሁ። ራ ዲታው አጠገቤ በሩን በሽቦው ይዞ ተቀምጧል።

ስንደርስ ገንዳው ደርቆ ተሰንጥቋል። የማ ኦራቲሌ ላሞች ውሃ ፍለጋ አጥር ሰብረው ወጥተው፣ ግማሽ ያህሉ ደረቁ ሜዳ ላይ ተዘርረዋል። የተረፉት ካሼ እሾህ ቆርጦ፣ አጥሩን ዘግቶ፣ በጉልበቱ ያገዳቸው ናቸው። ኋላ እሷ መጣች። እያንዳንዷ የሞተች ላም አጠገብ ቆማ ስሟን ጠራች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ጅልነት ብዬ አልፈው ነበር። አላበቃም። ባለፈው ሳምንት የማኅበሩ ኮሚቴ፣ በራ ዲታው ሰብሳቢነት፣ ወሰነ፦ መኪናው የተበላሸው እረኛው ካሼ በቸልተኝነት ቆሻሻ ናፍታ ስለቀዳበት ነው፤ የዘንድሮ ጊደሩ ተወስዳ ለማ ኦራቲሌ ካሳ ትሁን። ውሳኔውን ሊነግሯት ቤቷ ሄዱ።

«የካሼን ጊደር ቀምታችሁ ለዲታው ጥፋት ካሳ ልትሰጡኝ?» አለቻቸው። «ውጡልኝ። ያቺን ጊደር በረቴ ካየሁ መልሼ የማስራት ዲታው በር ላይ ነው።»

እንግዲህ እኔም እዚያ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ጆሮ አለኝ። የተማረ ሰው አዟል፣ ያልተማረ ሰው ጠይቆ ታዟል፤ ሲበላሽ ግን ጥፋቱ ቱቦውን በአፉ የሳበው ሰው ሆነ። አዲስ መኪና ስትገዛ አዲስ በርሜል ያልገዛህ፣ አዲሱን ለማን ልትኩራራበት ነው? ሎጁ ላንድሮቨሩን እንደገና በሩ ላይ አቁሞታል። ነጩ አሁንም አሸዋው ላይ ነው፤ ወፍ ጎጆ ጀምሮበታል።

በአገራችን ሸንጎ የሚነገር ቃል ሁሉ ያማረ ነው ይባላል፤ ማንም ሰው፣ እረኛም ቢሆን፣ ተነስቶ ይናገራል። ራ ዲታው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ሁላችንም ወንበርህን ተሸክመህ ከሸንጎው ዛፍ ሥር ና። በመንደሩ አለቃ ፊት፣ በማ ኦራቲሌ ፊት፣ በካሼ ፊት ቁም። «ከበርሜሉ ቅዳ» ያለው ማን ነው? ሰው ሁሉ እየሰማ መልስ።