የአባዬ ብየዳ

ኬሚስቷ እናቷ ወጥ ቤት ስትገባ ቧንቧው ወለል ብሎ ተከፍቶ ውሃው ይንዠቀዠቃል። እናቷ አንገቱን በአመድ ፈትጋ አዲስ አስመስላዋለች።

«ለውሃ መመርመሪያ መሣሪያሽ ብዬ ገና ሳይነጋ ጀምሮ አፈሰስኩት። ጥርት ብሏል» አለቻት።

የኬሚስቷ ትከሻ ወረደ። ትናንት «ጠዋት ቧንቧውን ማንም እንዳይነካው» ስትል አደራ ብላ ነበር። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የሚታወቀው ቱቦ ውስጥ ባደረ ውሃ ላይ ነው፤ ውሃው ሲለቀቅ አብሮ ይታጠባል። ግን እናቷን ማን ደፍሮ ይቆጣል? ለጎረቤት እንኳ ቤቷን ሳታሰናዳ በር የማትከፍት ሴት፣ ለምርመራማ እንዴት ዝም ትበል!

ቢሆንም እርሳሱን የሚለካውን ሴንሰሯን አወጣች። ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ጫፉን በዓይን በማይታይ የካርቦን ብናኝ የቀባችው ራሷ ናት፤ ስድስት ዓመት ለፍታበታለች። ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድታ ነከረችው። ስልኳ ላይ የወጣው ቁጥር ንጹሕ ነው አለ።

«አላልኩሽም? የአባትሽ እጅ! በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጠብ ብሎ ያውቃል?»

አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የዚህን ቤት መገጣጠሚያ ሁሉ በእርሳስ የበየደው እሱ ነው። የቀለጠውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው «ቺስስ» የሚል ድምፅ ነበረው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ስታይ «ብዙ አትቅረቢ፣ አፍንጫሽን እበይደዋለሁ» ይላት ነበር። በጣም ናፈቃት። ያ የብየዳ ጭስ አሁን ቢመጣ፣ መርዝ እንደሆነ እያወቀች እንኳ ደጋግማ ትስበው ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣች። ልብስ ማጠቢያው ላይ የራሱ መስመር ያለው ሌላ ቧንቧ አለ፤ ዛሬ ማንም አልነካውም። የመጀመሪያውን ውሃ ቀዳች። ቁጥሩ ከሚፈቀደው ሰባት እጥፍ ወጣ። አዲስ ሴንሰር አውጥታ ደገመችው፤ አልቀነሰም።

ከመኝታ ቤት የሕፃን ልጇ ድምፅ ተሰማ። ከነገ ጀምሮ እሷ ሥራ ልትገባ፣ ልጇ እዚህ ከአያቷ ጋር ልትውል ነው፤ የዱቄት ወተቷም የሚበጠበጠው በዚህ ውሃ ነው። እውነቱን ደብቃ «ሐኪም ለሕፃኗ የታሸገ ውሃ አዟል» ብትላትስ? እናቷ ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም። ግን እናቷም እኮ ትጠጣዋለች።

«እማዬ» ብላ ወደ ጓሮ ጠርታ ቁጥሩን አሳየቻት። «ውሃው እርሳስ አለበት። ከብየዳው ነው።»

«ከእሱ ብየዳ?»

«ያኔ ሁሉም በዚሁ ነበር የሚበይደው። አላወቀም፣ እማዬ።»

«አንቺንም ይህንኑ አጠጥቼ ነው ያሳደግሁሽ።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ከልብስ ማጠቢያው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ባሏ በጨርቅ የጠረገበት መስመር አሁንም አለበት። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ከግቢው በር አጠገብ ዋናው የውሃ መዝጊያ እያቃሰተ ሲዘጋ ተሰማ። ተመልሳ ስትመጣ ከባሏ የመሣሪያ ሣጥን የወጣ የብረት መጋዝ ይዛለች።

«ከዚህ መቁረጥ ጀምሪ» አለች፣ ቱቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ። «እኔ ልያዘው። መሬት እንዳይወድቅ።»