የሦስተኛው ትምህርት ጫጫታ

ዘርይሁን ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገና ያችኑ ቦታ መልሶ አጫወታት። ዶክተር አልፋቲህ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ሲያስረዱ ቆይተው ውሃ ሊጠጡ ዝም ይላሉ። እሱ የሚፈልገው ያንን ዝምታ ነበር። ጫጫታ የሚያጠፋው ፕሮግራም አስቀድሞ ጫጫታው የቱ እንደሆነ እንዲያሳዩት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ አስተማሪው የማይናገርበት ቦታ ተፈልጎ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ተደርጎ መደመጥ አለበት። ዘርይሁን የአየር ማቀዝቀዣ እሰማለሁ ብሎ ነበር።

የሰማው ሴት ነው። ከግድግዳ ማዶ ሳህን እያንኳኳች፣ በመንዙማ ዜማ የምታንጎራጉር ሴት። ዜማው ልክ እንደ ጸሎት ነው። ቃሉ ግን አማርኛ ነው፤ ጸሎትም አይደለም።

«የገርባዋ ሬሕማ የእንድሪስ ልጅ ነኝ፣
አማርኛ ሰሚ ካለህ ድረስልኝ።
እግሬን ዘይት በላው፣ ሌት ያቃጥለኛል፣
በሩ ተቆልፎ ማን ያወጣኛል።»

ቅጂውን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አዳመጠ።

ዘርይሁን በአገሩ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመተማ ተሻግሮ ካርቱም ከገባ ወዲህ ያልሞከረው ሥራ የለም። አሁን ካርቱም ሁለት በተባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪዎች የኦንላይን ትምህርታቸውን እንዲያሻሽሉ ይረዳል። በተቃውሞ ሰልፉ የተነሳ ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉ ጀምሮ ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ እየቀዳ ይልክለታል። የሚላከው ነገር ጉድ ነው። አንዱ ስላይዱን ቀይ መደብ ላይ በአረንጓዴ ፊደል ይሞላዋል፤ ሌላው ካሜራውን ጣሪያው ላይ ደግኖ ሰዓት ሙሉ ስለ ግብር ያስተምራል። ዘርይሁን ይቆርጣል፣ ያጸዳል፣ ጥያቄ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል። ለሥራው ያጩት ዶክተር አልፋቲህ ናቸው። ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማው፣ ዋስ ሆነው የፈረሙለትም እሳቸው ናቸው። በዚች ከተማ እንደሳቸው በሰላምታ የሚያቅፈው ሱዳናዊ አልነበረም።

ስልክ ደወለላቸው።

«ዶክተር፣ ትምህርት ሦስት ላይ የሰው ድምፅ ገብቷል።»

ዶክተሩ ሳቁ። «ኸዳማችን፣ የቤት ሠራተኛችን ናት። ማዲህ ነው የምትለው፣ የነቢዩን ውዳሴ። እኔ ትምህርት ስጀምር እሷም ትጀምራለች። ‹ኡስኩቲ፣ ዝም በይ፣ ብዙ ተማሪ ይሰማናል› ባልኳት ቁጥር ይብስባታል። በረካ ነው ብዬ ተውኳት። አንተ ግን አጥፋልኝ፤ ያላ፣ ኀሙስ መጫን አለበት።»

ዘርይሁን «ልጅቷ ደህና ናት?» ሊል ነበር፤ «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ብዙ ተማሪ እንደሚሰማ ያወቀችው ከራሳቸው ከዶክተሩ አፍ ነው። ከመሃላቸው አማርኛ የሚሰማ ይኖራል ብላ ነው የምታንጎራጉረው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሐፍላው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ለሚስቱ ለወርቅውሃ ነገራት። እሷ እዚያው ካርቱም ሁለት አንድ አፓርታማ ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ከጎናቸው የተቀመጡት አማርኛ ስለማይሰሙ ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም።

«አጥፋው» አለች።

«ወርቄ፣ እግሯ ተቃጥሏል እኮ።»

«እኔስ አላዘንኩላትም መሰለህ? ግን ልጅህ መሲ ዘንድሮ ሸሃዳውን፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውን ትፈተናለች። ኢቃማህ ካልታደሰ ልጅቷን ለፈተናው አይመዘግቧትም። በማን ፊርማ ነው የሚታደሰው?»

«በሳቸው።»

«እንግዲህ።»

«ለፖሊስ ብንናገርስ?»

«ለፖሊስ!» ወርቅውሃ ዞራ አየችው። «ወረቀት ባይኖራትስ? መጀመሪያ የሚያነሷት እሷን ነው። በከሻ፣ በአፈሳው ጊዜ ሐበሻውን ከየመንገዱ ለቅመው መኪና ላይ ሲወረውሩ አላየህም? ተው አቦ። ሁሉን የሚያይ አላህ አላት።»

ለቤንዚን የተሰለፈው መኪና መንገዱን ዘግቶት ሐፍላው ቆሞ ቀረ። ሊወርዱ ሲሉ ወርቅውሃ እጁን ያዝ አደረገችው።

«የዘይት ቃጠሎ ክፉ ነው» አለች። «ቶሎ ነው የሚያመረቅዘው።»

በማግስቱ ዘርይሁን ለዶክተሩ እውነቱን ነገራቸው፤ ግማሹን። የማራገቢያ ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይጠፋል፣ የሰው ድምፅ ግን ከፍ ዝቅ ስለሚል አይለቅም፤ መጥቼ ማይክሮፎኑን ማስተካከል አለብኝ አላቸው። ደስ አላቸው። «አህለን፣ ና ቤትህ ነው» አሉት።

አል-ጣኢፍ ሰፈር የሚገኘው ቤታቸው ትልቅ ግቢ ነው። የውጭውን በር ራሳቸው ከፈቱለት፤ ካስገቡት በኋላ መልሰው ቆልፈው ቁልፉን ጀላቢያቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። ሚስታቸው ሥራ ሄደዋል። ቀዝቃዛ ውሃ በገዛ እጃቸው አቀረቡለት፣ ስለ መሲ ትምህርትም ጠየቁት። ዘርይሁን መልስ እየሰጠ ማይክሮፎኑን ይፈታል፣ ይገጥማል። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከወጥ ቤቱ፣ ሳህን ይንኳኳል።

«በራሴ ቋንቋ ልሞክረው» አለ።

«ተፈደል፣ ሞክር።»

ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ጮክ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ ተናገረ። «አንድ፣ ሁለት። የገርባዋ፣ ድምፅሽ ደርሶኛል። ከሰማሽኝ እንደ ልማድሽ አንጎራጉሪ። አንድ፣ ሁለት።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ቆየት ብሎ ዜማው መጣ፤ ከቅጂው ላይ ይልቅ ቀጥኖ፣ እየተቆራረጠ።

«እግሬ አላቆም አለኝ፣ መልኩ ጠቁሮብኛል፣
ማር ቀቡልኝ እንጂ ማን ሐኪም አይቶኛል።»

«ይኸው፣ ጀመረች» አሉ ዶክተሩ፤ ዐይናቸውን ከድነው ራሳቸውን ወዘወዙ። «ማሻአላህ፣ ድምፅ ግን አላት።»

ዘርይሁን ከዚህ በላይ አልቻለም። «ዶክተር፣ ይሄ ማዲህ አይደለም። እግሬ ተቃጥሎ ጠቆረ ነው የምትለው። ሐኪም አላየኝም ነው የምትለው።»

ዶክተሩ ዐይናቸውን ገለጡ። ይደነግጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልደነገጡም። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከሰመ እንጂ ሌላ ነገር ፊታቸው ላይ አልታየም። ያን ጊዜ ነው የዘርይሁን ልብ የተሰበረው። ያውቁ ነበር።

«እየዳነ ነው ወላሂ» አሉ። «ማዳም ማር ትቀባላታለች።»

«ጠቁሯል እኮ ትላለች።»

«ሐኪም ቤት ብወስዳት ወረቀቷን ይጠይቃሉ። ኢቃማ የላትም። ማን ቀጠራት ሊሉ ነው። ሰዉ መንገድ ላይ በሚታፈስበት በዚህ ጊዜ ስሜ በየጣቢያው እንዲነሳ ነው የምትፈልገው? ደግሞም የቤት ጉዳይ የማዳም ነው፤ እኔ አልገባበትም።» እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «የወረቀትን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ያ ዘርይሁን። ያንተም በሚመጣው ወር ይታደሳል። እፈርምልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«በል አሁን ና» አሉ። «ቋንቋዋን ትችላለህ፤ አንተ ንገራት። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድምፅ እንዳታሰማ በላት።»

ተከተላቸው። ወጥ ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ሽታው ተቀበለው። ሬሕማ ዕቃ ማጠቢያው ሥር በተደፋ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ እግሯን ዘርግታለች። እግሯ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ጨርቁ ቢጫ ሆኗል። ከመሲ ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። ሲያያት አላለቀሰችም፤ ሂጃቧን አስተካከለች።

«መጡ፣ ጋሼ?» አለች።

«መጣሁ።»

«ንገራት እንጂ» አሉ ዶክተሩ ከኋላው።

ዘርይሁን ፈራ። መሲ ከፈተና ስትመለስ፣ ከፈተና ስትቀር፣ ወርቅውሃ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየው። ዝም በይ ብሎ መውጣት ይችላል። ሌላ ሰው እስኪሰማት ትጠብቅ ይሆናል። ግን ይህን ትምህርት ከእሱ በቀር ማን ነው ዝምታው ድረስ ገብቶ የሚያዳምጠው? እግሯስ እስከ መቼ ይጠብቃታል?

«ፓስፖርትሽ የት ነው?» አላት።

«ማዳም ጋ ነው።»

«ይቅር በቃ።»

ጀርባውን ሰጣትና ፊቷ ቁጢጥ አለ። «ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

ሬሕማ አልተነሳችም። «እሸታለሁ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ልብስዎ ይበላሻል።»

«ውጪ፣ እህቴ።»

ትኩሳት ያጋለው ክንዷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። እግሯን ሲይዘው ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች። እንደፈራው አልከበደችም፤ እንደ ሕፃን ነው ብድግ ያደረጋት።

«ምን አልካት?» ዶክተሩ ከወጥ ቤቱ በር አልተንቀሳቀሱም።

«ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ አልኳት» አለ በዐረብኛ።

«የትኛው ሐኪም ቤት ነው እናንተን የሚቀበላችሁ?»

እሱም አያውቅም ነበር። «እየጠየቅን እንሄዳለን» አለ።

«ኢቃማህን አስብ እንጂ! ልጅህን አስብ!»

«አስቤያለሁ» አለ ዘርይሁን። «የውጭውን በር ይክፈቱልን።»

ዶክተሩ እጃቸውን ቁልፉ ያለበት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ። ዘርይሁን ልጅቷን አመቻችቶ አዘላትና በአጠገባቸው አልፎ ወደ ተቆለፈው የውጭ በር መራመድ ጀመረ።